ሳያዳሉ ማማከር፦ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት ወላጆችና የገለልተኝነት ጥያቄ

አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ከሆስፒታል ሳይወጣ ጆሮው ይፈተሻል። በተኛበት፣ ጫፏ ለስላሳ የሆነ ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ትገባና ድምፅ ትለቃለች። የውስጥ ጆሮው በደንብ የሚሠራ ከሆነ አጠገቡ የቆመ ሰው ሊሰማው የማይችል ደካማ ድምፅ ይመልሳል፤ መሣሪያዋም ያንን ትመዘግባለች። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። በአገሪቱ ከሚወለዱት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት የመስማት ፍተሻ ያገኛሉ፤ ከ1000 ሕፃናትም ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት መስማት የተሳናቸው ወይም በከፊል የሚሰሙ ሆነው ይገኛሉ። መመሪያው ፍተሻው እስከ አንድ ወር፣ የተሟላው ምርመራ እስከ ሦስት ወር፣ የድጋፉ ጅማሬ ደግሞ እስከ ስድስት ወር እንዲሆን ያዛል።

ከእነዚህ ሕፃናት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። አብዛኞቹ ወላጆች መስማት ከተሳነው ሰው ጋር ቁጭ ብለው ተጫውተው አያውቁም። አራስ ቤት ሳሉ ግን ስለማያውቁት ዓለም እንዲወስኑ ይጠየቃሉ። ለልጁ የመስሚያ መሣሪያ ይደረግለት? ድምፅን በኤሌክትሪክ ምልክት ወደ መስሚያ ነርቭ የሚያደርሰው ኮክሊያር ኢምፕላንት በቀዶ ሕክምና ይተከልለት? የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ይማር? ንግግርና ምልክት ይጣመሩ? ወይስ ንግግርን በእጅ ቅርጽ አግዞ ለዓይን የሚያሳየው ኪውድ ስፒች ይሞከር? እያንዳንዱ መንገድ ባለሙያዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ደጋፊዎች አሉት፤ የየራሱ ቁስልም አለው።

ቁስሉ የቆየ ነው። በ1880 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሚላን ላይ የተሰበሰቡ፣ መስማት የተሳናቸውን ሕፃናት የሚያስተምሩ መምህራን፣ አብዛኞቹ ራሳቸው የሚሰሙ፣ ትምህርቱ በንግግር ብቻ እንዲሰጥ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በእጅ መነጋገር የሚያስቀጣ ነገር ሆነ። የቋንቋ ምሁሩ ዊልያም ስቶኪ በ1960 የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት እስኪያወጣ ድረስ ምሁራኑም ቢሆኑ ከአካል እንቅስቃሴ ብዙም አይለዩትም ነበር። በ1990 ኮክሊያር ኢምፕላንት ለልጆች ሲፈቀድ ጠቡ መልኩን ቀይሮ ተመለሰ። የአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር በ1991 ውሳኔውን አጥብቆ ነቀፈ፤ በ2000 ባወጣው አቋም ደግሞ ኢምፕላንትን ከወላጆች ምርጫዎች እንደ አንዱ ተቀበለ። በዚህ ሁሉ መሀል አዲስ ወላጅ የሚፈለገው ለምልመላ ነበር ማለት ይቻላል፤ የጎበኘው ሁሉ ወደ ራሱ ወገን ይስበዋል።

በ1996 ኮሎራዶ ውስጥ ሃንድስ ኤንድ ቮይስስ የተባለው የወላጆች ድርጅት የተቋቋመው በዚህ ድካም ላይ ነው። መርሑ ቤተሰቡ የትኛውንም የመግባቢያ መንገድ ቢመርጥ ሳያዳሉ መደገፍ ነው፤ ትክክለኛ ምርጫ ማለትም ለዚያ ልጅ የሠራለት ነው ይላል። ለመርሑ ከዚያው ግዛት የወጣ ጥናት ጉልበት ሰጠው። በ1998 ክርስቲን ዮሺናጋ ኢታኖና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ሥራ፣ ስድስት ወር ሳይሞላቸው የታወቀላቸውና ድጋፍ ያገኙ ሕፃናት ዘግይተው ከታወቁት የተሻለ ቋንቋ እንዳዳበሩ ታየ። ልዩነቱ በንግግር በሚጠቀሙትም በምልክት በሚጠቀሙትም ቤተሰቦች ውስጥ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ሳይሆን ጊዜው ነው ዋናው ማለት ተቻለ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለገለልተኛ አማካሪ የሚገኝ አይመስልም።

ሆኖም ሰላሙ አልዘለቀም። በ2015 ካሊፎርኒያ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች ከልደት እስከ አምስት ዓመት የሚያሳዩትን የቋንቋ እድገት በየደረጃው ለመከታተል የሚያስችል ሕግ አወጣች። ሕጉን የገፋው ሊድ ኬ የተባለው ዘመቻ በሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ ረቂቆችን ሲያቀርብ፣ በንግግር መንገድ የሚያምኑ ወላጆችና ድርጅቶች ክትትሉ በእጅ አዙር ምልክት ቋንቋን መጫኛ ነው ብለው ተቃወሙ። የዘመቻው ሰዎች መልሳቸው፣ ገለልተኝነት የሚባለው ራሱ ልጆች ያለ ቋንቋ እንዲያድጉ ፈቅዷል የሚል ነበር። ክርክሩን ከሕግ አውጥቶ ላየው ሰው ጥያቄው ይህ ነው፦ አለማዳላት ማለት አስተያየትን አለመናገር ነው ወይስ ወላጁን ወደ አንድ ወገን አለመግፋት? ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም።

የመጀመሪያው ትርጉም የራሱ የዘር ሐረግ አለው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ በ1940ዎቹ ያስፋፋው የምክር ዘዴ አማካሪው እንዲያዳምጥ እንጂ እንዳይመራ ይጠይቃል። የዘር ውርስ አማካሪዎች ይህን እንደ ሙያ ግብረገብ ያዙት፤ እነሱ የሚያማክሩት ሰው ልጅ ስለመውለድና አለመውለድ የሚወስን ነበርና አማካሪው የራሱን ፍርድ ለራሱ ይዞ እንዲቀር መፈለጋቸው ይገባል። የመስማት ጉዳይ አማካሪዎችም ከዚህ ብዙ ወሰዱ። ዝርዝሩን አቅርብ፣ የያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት ንገር፣ ከዚያ ዝም በል። የዚህ አሠራር ትልቁ እምነት፣ ዝምታ ወላጁን በቆመበት ይተወዋል የሚል ነው። ወላጁ ግን ቀድሞውንም ባዶ ሜዳ ላይ አልቆመም።

በኮሎራዶ ኦሮራ ወይም በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አካባቢ፣ አንድ ቤተሰብ ለምርመራ ውጤት ሲጠራ ምን እንደሚያጋጥመው ማየት ነገሩን ያቀርበዋል። ክፍሉ ውስጥ የመስማት ምርመራ ባለሙያዋ (ኦዲዮሎጂስቷ)፣ ወላጆቹና ብዙ ጊዜ በስልክ መስመር ላይ ያለ አስተርጓሚ አሉ። ኦዲዮሎጂስቷ ወረቀት ዘርግታ ልጁ የትኛውን ድምፅ እንደሚሰማና የትኛውን እንደማይሰማ በመስመር ታሳያለች። ስለ መስሚያ መሣሪያው፣ ስለ ጆሮ ቅርጽ ማውጣት፣ መሣሪያው ካልጠቀመ ልጁ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ሊደረግ ስለሚችለው ተከላ በደንብ ታብራራለች፤ ሙያዋ ነውና ታውቀዋለች። ቀጠሮው ሊያልቅ ሲል የምልክት ቋንቋም አማራጭ መሆኑን ትጨምራለች፤ የደከመው አስተርጓሚም «በእጅ መነጋገርም ይቻላል ትላለች» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቋጨዋል። ማንም አልዋሸም። ማንም ወላጁን ይህን ምረጥ አላለውም። ዝርዝሩ ሙሉ ነው፤ ከተዘረዘሩት አንዱ ግን አሥር ደቂቃ አገኘ፣ ሌላው አሥር ቃል አልሞላም።

የገንዘቡም መንገድ እንዲሁ ነው። ለተከላው የሕዝብም የግልም የጤና መድን አብዛኛውን ጊዜ ይከፍላል። የወላጆች የምልክት ቋንቋ ትምህርት ግን የሕክምና ወጪ ተብሎ ስለማይቆጠር፣ ሊገኝ የሚችለው በሕፃናት ድጋፍ አገልግሎቱ በኩል ነው፤ መጠኑም እንደየግዛቱ ይለያያል። የጊዜውም አቆጣጠር ያዘነብላል፦ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አለው፣ ምልክት ቋንቋ መማር ቀጠሮ የለውም። ቀጠሮ ያለው ነገር ሁልጊዜ ቀጠሮ የሌለውን ይቀድማል። በዚህ መካከል ዝም ያለ አማካሪ የተገኘውን ዝንባሌ ሁሉ አጽድቆ ይወጣል።

ከዚህ የሚከተለው የማያዳላ ድጋፍ ሥራ ይጠይቃል የሚል ነው። እኩል ጊዜ መስጠት፣ ያልተገኘውን ወገን አፈላልጎ ማምጣት፣ አስተርጓሚውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሽማግሌ ሁለት ተጣዪዎችን ሲያስታርቅ ሁለቱም ፊቱ ተቀምጠው፣ ሁለቱም ድምፃቸውን አሰምተው ነው። እዚህ ግን አንደኛው ወገን፣ መስማት ሳይችል አድጎ ትልቅ ሰው የሆነው፣ ክፍሉ ውስጥ የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ቤተሰብ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ የሆነው ጋላውዴት በአቅራቢያው እያለ፣ አንድም መስማት የተሳነው መምህር፣ ሾፌር ወይም እናት ሳያገኝ ሊወስን ይችላል። አንዳንድ ግዛቶች ልምድ ያላቸው ወላጆችንና መስማት የተሳናቸው አዋቂዎችን ወደ አዲስ ቤተሰቦች የሚልኩት ይህን ለመሙላት ነው። በዚህ ጽሑፍ እይታ ይህ ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጣል፤ ችግር የለበትም ማለት ግን አይደለም። አማካሪ ሆና የምትመጣው እናት ልጇን ይዛ ከመጣች፣ ልጁ ሳሎን ውስጥ ጥርት አድርጎ ሲናገር ወይም በእጁ ፈጠን ፈጠን እያለ ሲቀልድ፣ እሷ ምንም ሳታዳላ ብትናገር ልጇ ያዳላል። የምስክርን ጥቅም ፈልጎ የምስክርን ወገንተኝነት ማስቀረት አይቻልም። የሚቻለው ምስክሩን ከአንድ በላይ ማድረግ ነው።

እስከዚህ ድረስ መርሑ ይቆማል። ከበድ ያለው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ የሚነሳውም መርሑን ከሚያከብሩ ሰዎች ነው። እንዲህ ይላል፦ በመንገዶች መካከል አለማዳላት ጥሩ ነው፤ በልጁ ጉዳት ፊት አለማዳላት ግን ኃላፊነትን መሸሽ ነው። በሕፃንነቱ ምንም ቋንቋ በሙላት ያላገኘ ልጅ በኋላ ዕድሜው ሊያካክሰው እንደሚቸገር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ዘግይተው ምልክት ቋንቋን እንደ መጀመሪያ ቋንቋ የተማሩ ሰዎች በሰዋስው ላይ ለዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ክፍተት ይታይባቸዋል። አማካሪው ይህን እያወቀ «ምርጫው የእናንተ ነው» ብሎ ሊያበቃ ይችላል?

የመጀመሪያው መልስ ቀላል ይመስላል። አማካሪው ስለ መንገድ ገለልተኛ፣ ስለ ቋንቋ ግን ወገንተኛ ይሁን። «የትኛውንም ምረጡ፤ ልጁ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሊቀበለው የሚችለው ቋንቋ ያግኝ» ይበል። የ1998ቱም ጥናት ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ብዙ ድርጅቶችም በዚህ መስመር ላይ ቆመዋል። መስመሩ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከባድ የመስማት ችግር ያለበት የሦስት ወር ሕፃን ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሊቀበለው የሚችለው ምንድን ነው? ተከላው ገና ወራት ይቀሩታል፤ ከተተከለም በኋላ መሣሪያው እስኪከፈት ሳምንታት፣ ልጁ ድምፁን መለየት እስኪለምድ ደግሞ ወራት ይወስዳል፤ ውጤቱም ከልጅ ልጅ በእጅጉ ይለያያል። ዓይኑ ግን ዛሬ ይሠራል። ስለዚህ ያ ለሁሉም እኩል የመሰለ ዓረፍተ ነገር በተግባር ሲተረጎም ምልክት ቋንቋን ጀምሩ ማለት ሆኖ ያርፋል። የሊድ ኬ ተቃዋሚዎች የጠረጠሩት ይህንኑ ነበር፤ በዚህ ነጥብ ጥርጣሬያቸው መሠረት ነበረው።

ዓረፍተ ነገሩ ወደ አንድ ወገን ስላዘነበለ ብቻ ስሕተት አይሆንም። ማስረጃው የሚያዘነብል ከሆነ ቀጥ ብሎ የቆመ አማካሪ ነው የሚያዳላው። ተመራማሪዎቹ እነ ቶም ሃምፍሪስ በ2012 ያቀረቡት መከራከሪያ እዚህ ላይ ብርቱ ነው። ምልክት የተማረ ልጅ ተከላው ቢሳካለት የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ያልተማረ ልጅ ተከላው ባይሳካለት የሚያጣው ግን ቋንቋን ራሱን ነው። ሁለቱ አደጋዎች አይመጣጠኑምና ጥንቃቄ አንዱን ያስመርጣል። የንግግር መንገድ ወገኖች በበኩላቸው በ2017 አን ጊርስና ባልደረቦቿ ተከላ ስላላቸው 97 ልጆች ያሳተሙትን ጥናት ይጠቅሳሉ፤ በዚያ ጥናት ቤተሰቦቻቸው ምልክት ያልተጠቀሙ ልጆች በንግግርና በንባብ በልጠው ተገኝተዋል። ጥናቱ ወዲያው ተተቸ። ምልክት ተብለው አንድ ላይ የተቆጠሩት አጠቃቀሞች በዓይነትም በጥራትም የተለያዩ ነበሩ። በንግግር ፈጥኖ የሚሳካለት ልጅ ቤተሰቡ ምልክትን መተዉ አይቀርም፤ ስለዚህ የትኛው የየትኛው ምክንያት እንደሆነ አይታወቅም። ሚዛኑ በተቺዎቹ በኩል ይመስላል። ያም ሆኖ የጥናቱን መኖር ለወላጅ ሳይናገር የሚያልፍ አማካሪ፣ ወላጁ ውሎ አድሮ ሲያገኘው እምነቱን ያጣል።

ነገር ግን የጥንቃቄው መከራከሪያ አንድ ያልተነገረ ግምት ተሸክሟል፦ ቤት ውስጥ ምልክት የሚያውቅ ሰው አለ የሚል። ልጁ ለምልክት ቋንቋ ዓይኑ ክፍት መሆኑ እውነት ነው፤ እጁን የሚያነሳለት ሰው ከሌለ ግን ዓይኑ ምን ያያል? አባት በሌሊት ታክሲ ይሠራል፣ እናት በቀን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ልጁን የምታውለው አያቱ ናት። አያቲቱ እንግሊዝኛ አትችልም፤ አዲስ አበባ ሳለች መስማት የተሳናቸው ሰዎች በእጅ ሲነጋገሩ አይታ ይሆናል፣ ያ ግን የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሰጠው ሌላ ነው። የምልክት ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ፣ በሳምንት አንድ ማታ፣ አባት መሪ በጨበጠበት ሰዓት ነው። በዚህ ቤት «ሙሉ በሙሉ ሊቀበለው የሚችለው ቋንቋ» በወረቀት ላይ ምልክት ቋንቋ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ልጁ አጠገብ ያለው ግን አማርኛ ነው፣ ያውም በከፊል የሚሰማ ከሆነ በመስሚያ መሣሪያ በኩል በከፊል የሚደርሰው።

የምልክት ቋንቋ ወገኖች ለዚህ መልስ አያጡም። ወላጆች ልጃቸውን ለመብለጥ ሊቅ መሆን የለባቸውም፤ ከልጁ አንድ እርምጃ ቀድመው ቢማሩ ለጅማሬው ይበቃል፤ የቀረውን መስማት የተሳናቸው አዋቂዎችና ትምህርት ቤት ይሞላሉ። እውነትነት አለው። መልሱ ግን ሳያስበው ነጥቡን ያዛውረዋል፤ ጥያቄው የትኛው ቋንቋ ለልጁ ክፍት ነው ከሚለው ወጥቶ፣ መንግሥትና ማኅበረሰብ ለዚህ ቤተሰብ ምን ያህል ሰው ያቀርባሉ ወደሚለው ይሄዳል። አዋቂው መስማት የተሳነው ጎብኚ በሳምንት ብዙ ሰዓት በሚመጣበት ከተማ ምልክት ቋንቋን ጀምሩ ማለት ጥሩ ምክር ነው። በማይመጣበት ቦታ ያው ምክር ለቤተሰቡ የጥፋተኝነት ስሜት ብቻ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ማስረጃው ያዘነብላል ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ቤት ያዘነብላል ማለት ግን ቤቱን ሳያዩ አይቻልም። ለጥንቃቄው መከራከሪያ ከፍተኛ ርኅራኄ ያለው አንባቢም እዚህ ጋር መቆም አለበት።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ምርጫው ለምን የወላጅ ይሆናል የሚል። ፈላስፋው ጆኤል ፋይንበርግ በ1980 ልጅ ክፍት የሆነ ወደፊት የማግኘት መብት አለው ሲል ጽፏል፤ ሁለቱም ወገኖች ይህን ሐሳብ ለራሳቸው ይጠቅሱታል፣ አንዱ የንግግርን በር፣ ሌላው የምልክትን በር ክፍት ለማድረግ። ለአማካሪው ብዙም አይረዳውም፤ በጨቅላነት የሁሉም በር በአንድ ጊዜ እኩል ክፍት ሊሆን አይችልም፣ ሰዓቱም ጉልበቱም የተወሰነ ነውና።

ስለዚህ የማያዳላ ድጋፍ ከታሰበው ጠበብ ብሎ ይቀራል። አማካሪው የወላጆቹን እሴት፣ ማለትም ልጃቸውን በየትኛው ማኅበረሰብ ውስጥ ማሳደግ እንደሚሹ፣ ሊዳኝ አይገባውም። የማስረጃውን ዝንባሌ ግን ሊደብቅ አይገባውም፤ ሲጠየቅ «እኔ ብሆን» ብሎ ምክንያቱን መናገሩም ከስውር መግፋት የተሻለ ነው፣ ቢያንስ ወላጁ ሊሟገተው ይችላልና። ከሁሉ በላይ ምርጫው በአንድ ቀጠሮ የሚያልቅ አድርጎ ማቅረብ የለበትም። የዛሬው ውሳኔ ከስድስት ወር በኋላ ከልጁ እድገት ጋር ተያይቶ ሊከለስ እንደሚችል አስቀድሞ ከተነገረ፣ አማካሪው በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ማወቅ አይጠበቅበትም። መንገዱ እንዳልሠራ የሚያሳየው ልጁ ራሱ ነው፤ በወቅቱ ከተለካ።

የ2015ቱ የካሊፎርኒያ ሕግ ከጠቡ ባሻገር ጥሩ ሐሳብ የነበረውም በዚህ ነው፤ ክርክሩን ከመንገድ ወደ ልጁ እድገት ይመልሰዋል። መለኪያውም ግን የሚያየውን ይመርጣል። ሕጉ የሚናገረው ስለ አሜሪካ ምልክት ቋንቋና ስለ እንግሊዝኛ ነው። አያቱ ዘንድ የምትውል፣ መስሚያ መሣሪያ ያደረገች የሁለት ዓመት ልጅ «ነይ»፣ «እንኪ»፣ «ውሃ» ሲባል ዞር የምትል ከሆነ፣ ያወቀችው አማርኛ በሁለቱም ዓምድ አይገባም። ውጤቷ ከእውነተኛዋ ልጅ ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያም ለወላጆቹ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲያወሩ ይነገራቸው ይሆናል፤ ምክሩ በተለምዶ ሲሰጥ የኖረ ነው፣ አንዳንድ ክሊኒኮችም አሁንም ይሰጡታል። የማያውቁትን ቋንቋ በሰባራ አፍ ከሚያወሩላት ወላጆች ልጅቷ የምታገኘው ቋንቋ ቀድሞ ከነበራት ያነሰ ነው። ይህን ልጅ በትክክል ለመለካት አማርኛ የሚያውቅ ሰው አያቲቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ልጅቷ ምን እንደምትሰማ፣ ምን እንደምትመልስ፣ በእጇ ምን እንደምትጠይቅ መመዝገብ ይኖርበታል።